የጋዝ «ጥግግት» ወይስ «እፍግታ»?

ጥያቄ፦ ልጄን የኬሚስትሪ የቤት ሥራ ሳግዛት መጽሐፏ «የጋዝ እፍግታ» ይላል። ጓደኛዬ ደግሞ «ትክክሉ ጥግግት ነው» ብሎ ይከራከረኛል። የቱ ይሻላል? «ከባድ ጋዝ» ማለትስ ስህተት ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ የሚያነሳልኝ ሰው ስጠብቅ ነበር። ሁለቱም ቃላት የሚሰይሙት አንድ መጠን ነው፤ በእንግሊዝኛ «ዴንሲቲ» የሚባለውን፣ በአንድ ሊትር ውስጥ ስንት ግራም እንዳለ የሚነግረንን። እፍግታ ይበሉ።

«ጥግግት» ዘሩ ጠጋ ነው። ጠጋ፣ ተጠጋ፣ ተጠጋጋ እያለ ይሄዳል። ጥግም ጥገኛም ከዚያው ቤት ናቸው። ስለዚህ ቃሉ የሚነግረን አንዱ ለሌላው ምን ያህል እንደቀረበ ነው። «እፍግታ» ደግሞ የ«ተፋፈገ» ዘመድ ነው። መጨረሻው ላይ ያለችው «ታ» ዝምታና እርካታ ላይ የምናውቃት ናት። «እፍግፍግ ብሏል» ስንል መያዣ አለ፣ መያዣው ውስጥ የታጨቀ ነገርም አለ። ስሌቱም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ስንት ግራም በስንት ሊትር ውስጥ?

የጥግግት ወገኖች «ቅንጣቶቹ ሲቀራረቡ መጠኑ ይጨምር የለ?» ይላሉ። ለአንድ ጋዝ ከሆነ ልክ ናቸው። የሲሪንጅን ጫፍ በጣት ደፍነው ቢገፉት ውስጡ ያለው አየር ይጠጋጋል፤ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር የሚገኘው ቁስም ይጨምራል። ጉዱ የሚፈላው ሁለት ጋዞች ሲወዳደሩ ነው። ጣሊያናዊው ሳይንቲስት አቮጋድሮ እ.ኤ.አ. በ1811 እንዳለው፣ ግፊታቸውና ሙቀታቸው እኩል የሆነ ጋዞች በእኩል ይዘት ውስጥ እኩል ሞለኪውል አላቸው። ስለዚህ ሂሊየምና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እኩል ተጠጋግተዋል ማለት ነው። እስቲ እናስላው።

ግፊቱን በአንድ ሞል መጠነ ቁስ ያባዙ (ሞል ኬሚስቶች ሞለኪውል የሚቆጥሩበት ቋሚ ብዛት ነው፤ መጠነ ቁሱ እዚህ በግራም ነው)። የጋዝ ቋሚውን ደግሞ በሙቀቱ ያባዙና ለዚያ ያካፍሉ። በ1 አትሞስፌርና በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካፋዩ 0.0821 (የጋዝ ቋሚው) ሲባዛ በ298 (ሙቀቱ) ነው፤ 24.5 ገደማ። የካርቦን ዳይኦክሳይድ አንድ ሞል 44 ግራም ስለሆነ በሊትር 1.8 ግራም ይወጣል። የሂሊየም 4 ግራም ነው፤ በሊትር 0.16 ግራም። ጥግግታቸው አንድ ሆኖ መጠኑ 11 እጥፍ ተለያየ! ጓደኛዎ ለዚህ መልስ ካለው ልስማው። (298 ያልኩት ያው 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ኬልቪን በሚባለው የሙቀት መለኪያ ሲጻፍ ነው። ልጅዎ 25ን እንዳለ ካስገባች ለካርቦን ዳይኦክሳይድ በሊትር 21 ግራም ይወጣላታል፤ ያ ጋዝ የለም።)

«ተፋፈገስ ቢሆን ስለ ብዛት እንጂ ስለ ግራም መቼ ይናገራል?» ብለው ሊይዙኝ ይችላሉ። ያዙኝ። እዚህ ላይ የሚፈርደው ጆሮዬ ነው። «ጥግግት» ሁለት «ግ» አከታትሎ ምላስ ያደናቅፋል፤ «እፍግታ» ግን ሲጠሩት ራሱ የታጨቀ ነገር ይመስላል። ደግሞ «የሕዝብ ጥግግት» ሥር ሰድዷል፤ እሱን አልነካም፤ እዚያ የሚቆጠረው ሰው ነውና ቃሉ ቦታውን አግኝቷል። ተማሪው ግን ሁለቱንም ትቶ «ዴንሲቲ» ማለት ከጀመረ ቆይቷል። አልወደውም፤ ግን ሁሉም ይግባባበታል፣ ምን ይደረግ።

«ጋዝ» ራሱ የመጣው ከሩቅ ነው። ቫን ሄልሞንት የተባለ ሊቅ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከግሪኩ «ካኦስ» ያበጀው ቃል ነው፤ ቅጥ ያጣ ትርምስ እንደማለት። በእኛ አፍ ደግሞ ጋዝ ላምባም ነው፤ ላምባ በሊትር 800 ግራም ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ «የጋዝ እፍግታ» ሲባል የቱ ጋዝ እንደሆነ መጠየቅ ነውር የለውም።

«ከባድ ጋዝ» በወሬ መሀል ችግር የለውም። ስሌት ውስጥ ግን አያስገቡት። ክብደት በብዛት ይለወጣል፤ አንድ ትልቅ ታንክ ሂሊየም ከአንድ ብርጭቆ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከብዳል፤ የእያንዳንዱ ጋዝ እፍግታ ግን ሙቀቱና ግፊቱ እስካልተለወጠ ድረስ በብዛት አይለወጥም። በተለይ ወበቅ ሲሆን «አየሩ ከብዷል» እንላለን። እርጥብ አየር ግን በተመሳሳይ ሙቀትና ግፊት ካለ ደረቅ አየር እፍግታው ያነሰ ነው። የውሃ ተን በሞል 18 ግራም ነው፤ ደረቅ አየር በአማካይ 29። ተኑ የሚገባው የከበደውን አስለቅቆ ነው። አባባሉን ግን አላርምም፤ የከበደው ትንፋሹ ነው እንጂ ሊትሩ አይደለም።