በሐሳባችሁ ጓደኛ ለሠራችሁ ልጆች

ልጆች፣ እንዴት ናችሁ? አራት ኪሎ ወዳለችው ጠባብ ቢሮዬ የምትመጡ ወጣቶች ሰሞኑን ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ አንድ ነገር ትጠይቁኛላችሁ። «ጋሼ፣ በሐሳቤ የፈጠርኩት የማወራው ሰው አለ። ላብድ ነው እንዴ?»

ኧረ አታብዱም። ቤተሰብ ሲሰማ ቶሎ የሚመጣለት ዛርና ውቃቢ ነው፣ አልፈርድበትም። እኔ የምላችሁ ግን ራሳችሁ ስለምትሠሩት፣ ስትፈልጉ ጠርታችሁ ስትጨርሱ ስለምታሰናብቱት ሰው ነው።

ደግሞ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ስዊዘርላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግ እንደ ፈረንጆቹ ከ1913 ጀምሮ በምናቡ ከሚመጡለት ሰዎች ጋር ይነጋገር ነበር። አንዱ ፊልሞን የሚባል ባለ ክንፍ ሽማግሌ ነው፤ ዩንግ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ ያወራው ነበር፣ ያሉትንም ይጽፍ፣ ይስል ነበር። በእኛ ዘመን ደግሞ እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፖል ጊልበርት ራሳቸውን ክፉኛ ለሚወቅሱ ሰዎች ሩኅሩኅ ጓደኛ በምናብ መሥራትን እንደ ሕክምና ልምምድ ይጠቀምበታል። ጓደኛው አስተዋይ፣ ጠንካራና ደግ መሆን አለበት። ከሁሉ በላይ የማይፈርድ።

ለምን ይሠራል ካላችሁኝ፣ የዐቢይ ጾም መጨረሻ ላይ ሆናችሁ ዶሮ ወጥ አስቡ። ወጡ የለም፣ ምራቁ ግን መጣ። ሰውነት ለታሰበውም ነገር ይታዘዛል። «አንተ ብሎ ሰው፣ የማትረባ» እያላችሁ ራሳችሁን ስትሰድቡ ልባችሁ የሚመታውም በዚያው መንገድ ነው፣ ታዲያ ለደጉ ቃል ለምን አይሠራም?

አሠራሩ ላይ ብዙዎቻችሁ ከፊት ትጀምራላችሁ፣ ፊቱም እምቢ ይላል። መጀመሪያ እግራችሁን መሬት አስነክታችሁ ተቀመጡ፣ ትንፋሻችሁን ረጋ አድርጉ። ከዚያ ቦታ ምረጡ። ቀጥሎ እጅ፣ ሽታ፣ ድምፅ። ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው፣ አንዲት ተማሪ የሠራቻት ሴትዮ እስከ ዛሬ ፊት የላትም። ነጠላዋ እጣን እጣን ይላል፣ ጣቶቿ ጫፋቸው በርበሬ እንደነካ ነው፣ ልጅቷ ስታወራ አታቋርጣትም። ዝም ሲባል ብቻ «እሺ፣ ከዚያስ?» ትላለች። ይኸው ነው ሥራዋ። ልጅቷ ይበቃታል፣ እኔም ይበቃል እላለሁ።

ጨርሶ ምስል የማይመጣላችሁም አላችሁ። አትጨነቁ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2015 የነርቭ ሐኪሙ አዳም ዜማንና ባልደረቦቹ አፋንታዚያ ብለው ስም አውጥተውለታል፤ በሽታ አይደለም። እናንተ በድምፅ ወይም በደብተር ሥሩት። አንድ መስመር እናንተ፣ አንድ መስመር እሱ። አንድ ክፍል ለሦስት ተከራይታችሁ ለምትኖሩም ደብተሩ ይሻላል። ወይም ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግራችሁ ስትወርዱ ኢርፎን ሰክታችሁ አውሩ፣ ዛሬ ብቻውን የሚያወራ ሰው ማን ዞሮ ያያል!

የቀድሞ ፍቅረኛችሁን ግን አትሥሩ። በቅርብ የሞተ ሰውም ይቅርባችሁ፤ ደግ ቃል ልትሰሙ ተቀምጣችሁ ሐዘኑን ነው የምትቀሰቅሱት። ጓደኛው መሳደብ ከጀመረ ደግሞ የለመዳችሁት የራሳችሁ ወቀሳ ልብስ ቀይሮ መጥቷልና ዓይናችሁን ግለጡ፣ ውኃ ጠጡ፣ ሌላ ቀን በሌላ ድምፅ ሞክሩ።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም፦ ሳትጠሩት የሚመጣ፣ ሂድ ሲሉት የማይሄድ፣ «ይሄን አድርግ፣ ራስህን ጉዳ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ፣ ወይም እንቅልፍ ጠፍቶ ሰው ሁሉ የሚከታተላችሁ ከመሰላችሁ፣ ልምምዱን አቁማችሁ በቶሎ ሐኪም እዩ። አማኑኤል ሆስፒታል መርካቶ አጠገብ ነው። ስሙ በከተማችን መሰዳደቢያ ሆነ እንጂ ብዙ ሰው ገብቶ፣ ታክሞ፣ ወደ ሥራው ይመለሳል። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ሕመም የነበረባችሁ ደግሞ ልምምዱን ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ።

በቀን አስር ደቂቃ ይበቃል ባይ ነኝ። ቀኑን ሙሉ አብሯችሁ እንዲውል የምታደርጉት ነገር አይጥመኝም፣ በተለይ ሰው መሸሻ ሲሆን። ለእሱ የነገራችሁትን ሳምንቱ ሳያልቅ ለአንድ ሥጋ ለባሽ ንገሩ። እዚያ ተለማምዳችሁት ስለመጣችሁ አፋችሁ ብዙም አይያዝም።

«እማዬ ከሰማችኝ ጸበል ነው የምትወስደኝ» ላልከኝ ልጅ፦ በር ላይ ቆማ ከምትሰማህ አንተው ቀድመህ ንገራት። ቡና እስኪፈላ ጊዜ አለ። ጸበሉን ካለች ደግሞ አብረሃት ሂድ፣ ሐሙስ ያለን ቀጠሮ ግን እንዳይቀር።