መልስ፦ የሆላንዱ ሰዓሊ ሬምብራንት ለምን እንደ መኳንንት ለብሶ ራሱን ሳለ?
ወንድሜ የጠየቅከኝ ምስል ሬምብራንት ራሱን የሳለበት የ1639ቱ የመዳብ ህትመት ነው (መዳብ ላይ ተቀርጾ ወረቀት ላይ የሚታተም ስዕል)። "ሰዓሊ እንዴት እንዲህ ይለብሳል" ላልከው፣ ልብሱ የዘመኑ ሳይሆን ከሱ መቶ ዓመት በፊት የነበረ ፋሽን ነው። በዛው ዓመት አምስተርዳም ላይ ጣሊያናዊው ሰዓሊ ራፋኤል የሳለው የካስቲልዮኔ (የጣሊያን መኳንንት) ምስል በጨረታ ሲሸጥ ሬምብራንት በብዕር ነደፍ አድርጎት ዋጋውንም 3500 ጊልደር (የሆላንድ የድሮ ገንዘብ) ብሎ ጎኑ ላይ ጽፎታል፣ ባርኔጣውን አይተህ ከህትመቱ ጋር አወዳድረው። ክንዱን ድንጋዩ ላይ ደገፍ አድርጎ ዞር ብሎ ማየቱ ደግሞ ከሌላው ጣሊያናዊ ሰዓሊ ከቲሲያን የወሰደው ነው። ሬምብራንት የባለወፍጮ ልጅ እኮ ነው! ሆላንድ ውስጥ ሰዓሊ ማለት በአብዛኛው የሙያ ማህበር ገብቶ ለነጋዴ የሚሸጥ ባለሙያ ነበር፣ እሱ ግን "ከጣሊያኖቹ አላንስም" እያለ ይመስለኛል፣ ህትመት ስለሆነ ደግሞ ብዙ ኮፒ ወጥቶ ፊቱ በየሰው እጅ ይገባል። ሀብታም ነበር ወይ ላልከው፣ ያኔውኑ በ1639 13,000 ጊልደር የሚያወጣ ቤት በዱቤ ገዛ፣ በ1656 ከሰረ።