ሾክ አብዞርበር ከመግዛትህ በፊት ኳኳታውን በእጅህ ፈልገው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴ ያለፈው ዓመት ጣጣ ትዝ አለኝ። የ2004 ሞዴል ኮሮላ አለህ፣ እዚህ ሐዋሳ ኮብልስቶን ላይ ቀስ ብለህ ስትነዳ ከፊት በቀኝ በኩል «ኳ ኳ ኳ» ይላል፣ አስፋልት ላይ ግን ጸጥ ነው ብለሃል። ጋራዥ ደግሞ «ሁለቱም የፊት ሾክ አብዞርበር አልቋል» ብሎሃል። እኔም በተመሳሳይ መኪና ይህንኑ ተብዬ ነበር። አምኜ ቀየርኩ። ከጋራዡ ወጥቼ ፒያሳ ድረስ ደስ እያለኝ ነዳሁ። ወደ ሰፈሬ ታጥፌ ኮብልስቶኑን እንደረገጥኩ ኳ ኳ ኳ! ያው ድምፅ፣ ያው ቦታ። ብሩ ሄደ፣ ኳኳታው ቀረ።

ችግሩን ያገኘልኝ መካኒክ አይደለም። ጎማ ላስነፋ የቆምኩበት ጎሚስታ ዘንድ የሚሠራ ልጅ ነው። ድምፁን ሰምቶ፣ «ጋሼ፣ ሲያዩት በክሪክ አንስተው ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። «እሱ ነው የሸወዳቸው» አለና ሳቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግራና ቀኝ የፊት እግሮችን የሚያገናኝ ወፍራም ብረት አለ፣ ስታቢላይዘር የምንለው። የብረቱ ጫፍ ከሾኩ ጋር የሚታሰረው ሊንክ በምትባል አጭር ዘንግ ነው። ሊንኳ ላይና ታች ትንንሽ ኳስ መሰል መገጣጠሚያ አላት። እነሱ ሲበሉ ነው የሚኳኳው። አንዱን ጎማ ብቻ በክሪክ ስታነሳ ግን ብረቱ ይጠመዘዝና ሊንኳን ወጥሮ ይይዛታል። ብትነቀንቃት ንቅንቅ አትልም፣ ደህና ትመስላለች። በዚያ ላይ የታሰረችው ሾኩ ላይ ስለሆነ ድምፁ ከሾኩ የሚመጣ ነው የሚመስለው። ሾኬ ሲቀየር አሮጌዋ ሊንክ ተፈትታ አዲሱ ላይ ተመልሳ ታስራ ነበር። አይ ሥራ!

ልጁ መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ አቆመው፣ አራቱም ጎማ መሬት ረግጧል። ሞተር ጠፍቷል፣ የእጅ ፍሬን ተይዟል። እሱ ከጎን ሆኖ ጣራውን ይዞ መኪናውን ወዲያ ወዲህ ያወዛውዛል። እኔ መሪውን ሙሉ በሙሉ አዙሬ፣ ከጎማው ኋላ እጄን አስገብቼ ሊንኳን ያዝኩ። የቀኟ ምንም የላትም። የግራዋን ስይዝ ግን መዳፌ ውስጥ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ! ድምፁን ከመስማቴ በፊት በጣቴ ተሰማኝ። ልብ በል፣ እኔ ወራት ሙሉ የሰማሁት ከቀኝ ነው። ብረቱ ግራና ቀኝን ስለሚያገናኝ ድምፁን ያሻግረዋል። ስለዚህ ከቀኝ ነው ብለህ ቀኙን ብቻ አታስፈትሽ።

እርግጠኛ መሆን ከፈለግክ ሊንኮቹን ሁለቱንም አስፈትተህ አውጣና በዚያው ኮብልስቶን ላይ በዝግታ ንዳ። ጸጥ ካለ ተገኘ ማለት ነው። ሰፈር ውስጥ ብቻ ግን! ያለ ሊንክ መኪናው ኩርባ ላይ በጣም ስለሚያጋድል ወደ ሻሸመኔ መንገድ እንዳትወጣበት።

ሊንክ ካልሆነስ? ያንተ ድምፅ ትንንሽ ጉብታ ላይ ቶሎ ቶሎ የሚመታ ስለሆነ ሊንክ ነው ብዬ እገምታለሁ፣ ግን እነዚህንም እይ። ኳኳታው እያለ ፍሬኑን በስሱ ረገጥ አድርግ። ወዲያው ከጠፋ ችግሩ ከእግሩ ሳይሆን ከፍሬኑ ነው፣ ሸራው ወይም ሸራውን የሚይዘው ካሊፐር ላልቷል። ፍሬን ስትይዝ ወይም ከኋላ ማርሽ ወደ ፊት ስትቀይር አንዴ ብቻ ድም የሚል ከሆነ ጎማውን ከስር ከመኪናው ጋር የሚይዘው ክንድ (ሎወር አርም) ላስቲክ፣ ጎሚኒ የምንለው፣ ተበልቶ ይሆናል። ቆመህ መሪ ስታዞር ከላይ፣ ከኮፈኑ ስር የሚንቋቋ ከሆነ የሾኩ የላይኛው ጎሚኒና ኩሽኔታ ነው። ሾኩ ራሱ ሲያልቅ አብዛኛውን ጊዜ ዘይት ያንጠባጥባል፣ መኪናውም ጉብታ ካለፈ በኋላ መናጡን አያቆምም። ያንተ ደረቅ ከሆነና ካልተናጠ ለምን ትቀይረዋለህ?

ቦል ጆይንቱን ግን አትለፈው፣ ሎወር አርሙን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ኳስ መሰል መገጣጠሚያ ነው። እዚህ ላይ ክሪክ ያስፈልጋል። ጎማውን አንስተህ ከላይና ከታች ይዘህ ግፋ ሳብ አድርገው። ከዚያ ደግሞ ረጅም ብረት ከጎማው ስር አስገብተህ ወደ ላይ እያነሳህ ሰው ቦል ጆይንቱን እንዲያይልህ አድርግ። ግራና ቀኝ ይዘህ ስትነቀንቀው የሚላላ ከሆነ ደግሞ ቴስቲናውን፣ ከመሪው የሚመጣውን ዘንግ ጫፍ፣ ጠርጥር። ቦል ጆይንት ላልቶ ከተገኘ መኪናውን አታንቀሳቅስ፣ እየሄድክ ከወለቀ ጎማው ይታጠፋል። ሌላው ሁሉ ይጠብቃል፣ ይሄ አይጠብቅም። መኪናው በክሪክ ብቻ ቆሞ ደግሞ ስሩ አትግባ። ለኋላ ጎማ ታኮ አድርግ፣ ቢያንስ ተቀያሪ ጎማውን ከስሩ አስገባ።

ሊንክ ከሆነ ሁለቱንም ጎን በአንዴ ቀይር። ለእኔ የሁለቱ ዋጋ ከአንድ ሾክ በብዙ ያነሰ ነበር፣ ሥራውም አንድ ሰዓት አልፈጀም። ለሊንክ ብቻ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) አያስፈልግም፣ የግድ ነው ቢሉህም እንዳትከፍል። ሾክ ወይም ቴስቲና ከተፈታ ግን ያስፈልጋል። የሎወር አርም ጎሚኒ ከቀየርክ ደግሞ ብሎኑ የመጨረሻውን የሚጠብቀው መኪናው ወርዶ በጎማው ከቆመ በኋላ መሆኑን ራስህ ቆመህ እይ። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ አዲሱ ጎሚኒ እንደተጠመዘዘ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል።

እሁድ ጠዋት ባጃጁ ሳይበዛ አንድ የሚያወዛውዝልህ ጓደኛ ይዘህ ሞክረው። የትኛዋ ጠቅ እንዳለችህ እዚሁ ጻፍልን።