ጥቁሩን ነጠብጣብ አይፈትጉት

አንድ አንባቢ በሰማያዊ አበባ የተሳለ የቻይና ሳህን ገዝተዋል። ሻጩ የሚንግ ነገሥታት ቻይናን በገዙበት ዘመን የተሠራ ነው ብሏቸዋል። «ሰማያዊው ላይ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ነጠብጣብ አለ። ጠርዙ ላይ ደግሞ ቡናማ ስንጥቅ። አንዱን በአቼቶ፣ ሌላውን በበረኪና ላጽዳው?» ይላሉ።

እባክዎ ሁለቱንም ይተዉ።

ነጠብጣቡ ቆሻሻ ላይሆን ይችላል። በሁለቱ የሚንግ ነገሥታት፣ በዮንግሌ (እ.ኤ.አ. 1403–1424) እና በሹዋንዴ (እ.ኤ.አ. 1426–1435) ዘመን፣ በሸክላ ሥራዋ የታወቀችው የቻይና ከተማ የጂንግደዠን ሠዓሊዎች ከውጭ በመጣ ኮባልት፣ ሰማያዊ ቀለም በሚሰጥ ማዕድን፣ ይስሉ ነበር። ብረት የበዛበት ቀለም ነው። ብሩሹ ቀለም ባጠራቀመበት ቦታ ብረቱ እሳት ውስጥ ወደ ላይ ወጥቶ ይጠቁራል። በጣትዎ ጫፍ ይዳስሱት፤ ጎድጎድ ሊል ይችላል። እኔ ስዳስሰው የሠዓሊው እጅ የት ላይ ቆም እንዳለ የማውቅ ይመስለኛል። በጣም ነው የምወደው። ግን ማረጋገጫ አይደለም። በ18ኛው መቶ ዘመን ያስመሰሉት ሠዓሊዎች ነጠብጣቡን ሆን ብለው በብሩሽ ጫፍ ይጨምሩ ነበር።

ሰማያዊው ያለው ከመስታወት መሰሉ ሽፋን ሥር ነው። ወደ 1,300 ዲግሪ በሚጠጋ እሳት አብረው ስላለፉ ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና አይጎዳውም። ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ካለበት ግን ሌላ ነገር ነው። እነዚህ ከሽፋኑ በላይ ተቀብተው፣ 800 ዲግሪ አካባቢ ዳግም እሳት የገቡ ናቸው። አብዛኞቹ እርሳስ ስላለባቸው አቼቶና ሎሚ ይበላቸዋል። ወርቅ ደግሞ በመፈተግ ብቻ ይነሳል።

ወደ ስንጥቁ እንምጣ። መጀመሪያ በጨለማ ክፍል የብር ኖት መፈተሻ መብራት ያብሩበት። የድሮ ጥገና ካለ ብዙ ጊዜ ከሳህኑ በተለየ ቀለም ያበራል። ጥገና ወይም የብረት ማያያዣ ካዩ ውሃ አያስነኩት፤ ለባለሙያ ያሳዩት። በረኪና ስንጥቁ ውስጥ ጨው ይተዋል። ጨውም ሲደርቅ ሽፋኑን ከሥር ይገፋዋል።

ጥገናም ሆነ ከሽፋን በላይ ያለ ቀለም ከሌለው፣ ጥጥ በተጣራ ውሃ ነክረው ስንጥቁ ላይ ለአንድ ሰዓት ያኑሩ። ይህን አይዝለሉት። ደረቅ ከሆነ እድፉ ወደ ውስጥ ይሳባል። ከዚያ ጓንት አድርገው ከፋርማሲ በገዙት 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሌላ ጥጥ ይንከሩ። እንዳይደርቅ በፌስታል ይሸፍኑት። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይዩት፤ ካልለቀቀ ይድገሙት። ሲጨርሱ በተጣራ ውሃ ደጋግመው ያጥቡት። ሙቅ ውሃ አይጠቀሙ፤ ስንጥቁን ያስረዝመዋል። ቀጭን መስመር ቢቀር እኔ እተወዋለሁ።

የሳህኑን ግርጌ፣ በተለይ ሽፋን ያልነካውን የእግሩን ቀለበት፣ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። ስለ ዕድሜው የምናገረው እሱን ካየሁ በኋላ ነው።