ጃር ሆኖ የሚሠራ፣ ኔቲቭ ሲሆን የሚወድቅ የጃቫ ፕሮግራም

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። ለቀፊራው ጅምላ ሱቅ የሠራኸው የስፕሪንግ ቡት (የጃቫ ፕሮግራም መሥሪያ ማዕቀፍ) ፕሮግራም ጃር ሆኖ፣ ማለትም ጃቫ በተጫነበት ማሽን ላይ እንደሚነሳ አንድ ፋይል፣ ደህና ይሠራል። በግራል ቪኤም ወደ ኔቲቭ፣ ማለትም ጃቫ ሳያስፈልገው በቀጥታ ማሽኑ ላይ ወደሚነሳ ፋይል፣ ስትቀይረው ኮምፓይሉ ያልፋል። ስታስነሳው ግን ዋጋ ዝርዝሩ ላይ ሲደርስ «ሲሪያላይዘር (ዳታውን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው) አልተገኘም» ይላል፣ የደረሰኙን ቴምፕሌትም (የቅርጹን ፋይል) አጣሁት ይላል። «የትኛውን ኮንፊግ ፋይል ልጻፍ?» ነው ያልከው። እኔ የምመክርህ በእጅህ እንዳትጽፍ ነው። ፕሮግራሙ ራሱ እየሠራ ይጻፈው።

መጀመሪያ ለምን እንደሚወድቅ እንይ። ኔቲቭ ኢሜጅ ከሜይን ሜተድ ተነስቶ የሚደረስበትን ኮድ ሁሉ ይከተላል። ያልደረሰበትን ይጥለዋል። ፕሮግራሙ ከተዘጋጀ በኋላ የሚጨመር ክላስ የለም። ከድሬ ሲነሳ ያልተጫነ ዕቃ ባቡሩ መንገድ ላይ እያለ አይጫንም፣ ይኸውም እንደዚያ ነው። ችግሩ፣ ጃክሰን (ዳታውን ወደ ጄሰን የሚቀይረው ላይብረሪ) የአንተን ክላስ ፊልዶች የሚያገኘው በሪፍሌክሽን፣ ማለትም በሥራ ሰዓት ክላሱን ውስጡን በመመርመር፣ ነው። ስሙ በጽሑፍ መልክ፣ በሥራ ሰዓት ነው የሚመጣው። ኮምፓይለሩ ያንን አያይም። ቴምፕሌቱም እንዲሁ፦ ጃሩ ውስጥ ያለ ፋይል ካልተነገረው በስተቀር ወደ ኔቲቩ አይገባም። ኮንፊጉ የሚያስፈልገው ኮምፓይለሩ በራሱ ሊያየው የማይችለውን ለመንገር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ከግራል ቪኤም ጋር የሚመጣ ትሬሲንግ ኤጀንት፣ ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚያደርገውን የሚከታተል መሣሪያ፣ አለ። ፕሮግራምህን እንደ ድሮው በጃር አስነሳው፣ ኤጀንቱን ግን ለጃቫው ትእዛዝ ጨምርለት፣ የሚጽፍበትን ፎልደርም ንገረው። ከዚያ ፕሮግራሙን ተጠቀምበት። ኤጀንቱ በሪፍሌክሽን የተጠራውን፣ የተከፈተውን ፋይል፣ ፕሮክሲውን (በሥራ ሰዓት የሚፈጠረውን ተወካይ ክላስ) ሁሉ ይመዘግባል። ውጤቱን ሪሶርስ ፎልደርህ ውስጥ «ሜታ ኢንፍ»፣ ከዚያ «ኔቲቭ ኢሜጅ» በሚባለው ንዑስ ፎልደር ስር አስቀምጠው። ኮምፓይለሩ ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቸኩለው። ኤጀንቱ የሚያውቀው የሄድክበትን መንገድ ብቻ ነው። ሽያጭ መዝግበህ ከዘጋኸው፣ የተመላሽ ዕቃ ገጹ ኔቲቭ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሁሉንም ንካ፦ ሽያጭ፣ ተመላሽ፣ የቀን መዝጊያ ሪፖርት፣ የተሳሳተ የይለፍ ቃል፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሚመጣው መልእክት። በተለይ የስህተት መንገዶችን አትርሳ፣ እነሱ ናቸው ደንበኛ ፊት የሚያዋርዱት። በአንድ ጊዜ ካልጨረስክ ኤጀንቱን «መርጅ» በሚለው አማራጭ አስነሳው። የቀድሞውን ሳያጠፋ ይጨምርበታል። ስትጨርስ ፕሮግራሙን በወጉ ዝጋው። ኤጀንቱ በነባሪ የሚጽፈው ሲዘጋ ነው፣ መሃል ላይ መብራት ከጠፋ የለፋህበት ይጠፋል። በየጥቂት ሰከንዱ እንዲጽፍ የሚያደርግ አማራጭም አለው፣ እኛ ሰፈር እሱን ክፈተው።

ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ ቴስት ነው። ጥሩ ቴስት ካለህ የሜቨን ወይም የግሬድል ኔቲቭ ፕለጊን ቴስቶቹን ከኤጀንቱ ጋር ያስኬድልሃል፣ ቴስቶቹን ራሳቸውንም ወደ ኔቲቭ ቀይሮ ይፈትናል። በእጅ ከመንካት ይህ ሺህ ጊዜ ይሻላል።

ስፕሪንግ ቡት ከ3 ጀምሮ፣ ማለትም ከፈረንጆቹ 2022 መጨረሻ ወዲህ፣ ብዙውን በራሱ ይሠራል። ኮንትሮለርህ (ጥያቄ ተቀብሎ መልስ የሚሰጠው ክላስ) የሚመልሰውን ክላስ በስሙ ከጻፍክ ያገኘዋል። ዝም ብለህ ኦብጀክት ወይም የጥያቄ ምልክት ያለበት ጄኔሪክ ከመለስክ ግን ምን እንደሆነ አያውቅም። ያንተ የዋጋ ዝርዝር ስህተት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ወይ ዓይነቱን በግልጽ ጻፈው፣ ወይ «ሬጅስተር ሪፍሌክሽን ፎር ባይንዲንግ» የሚለውን አኖቴሽን ጨምር። ለቴምፕሌቱ «ራንታይም ሂንትስ» ውስጥ የፋይሉን ስም ፓተርን አስመዝግብ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርህ። ስፕሪንግ ቢኖቹን (ራሱ ፈጥሮ የሚያስተዳድራቸውን የፕሮግራሙን ክፍሎች) የሚወስነው ቢልድ ሲደረግ ነው። በፕሮፋይል ወይም በፕሮፐርቲ የሚበራና የሚጠፋ ቢን ካለህ፣ ሱቁ ላይ ፋይሉን ብትቀይር ምንም አይለወጥም። ለሁለት ደንበኛ ሁለት ዓይነት ባህሪ ከፈለግህ ወይ ሁለት ቢልድ ሥራ፣ ወይ ምርጫውን በተራ ኢፍ ኮድ ውስጥ አድርገው።

ደረሰኙን በጃስፐር ሪፖርትስ (የሪፖርት መሥሪያ ላይብረሪ) የምትሠራ ከሆነ ግን ተጠንቀቅ። እሱ የሪፖርቱን አገላለጾች ወደ ጃቫ ክላስ ቀይሮ በሥራ ሰዓት ነው የሚጭነው። ይህ ኔቲቭ ላይ እንደተለመደው አይሄድም፣ ተራ ኮንፊግ ብቻውን አያድነውም። ያንን ክፍል ለብቻ በተራ ጃቫ አስኪደው።

ስለ ሱቁ ኮምፒውተር ደግሞ። ሊኑክስ ላይ የሠራኸው ዊንዶውስ ላይ አይነሳም። ለዊንዶውስ ዊንዶውስ ላይ፣ የቪዥዋል ስቱዲዮ ሲ ፕላስ ፕላስ መሣሪያዎች ተጭነው ነው የሚሠራው። እኛ ከተማ ሱቅ ውስጥ የምታገኘው ያገለገለ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው፣ እዚያ ላይ ሌላ ጉድ አለ። አዳዲሶቹ የግራል ቪኤም ስሪቶች በነባሪ የሚያዘጋጁት ኤቪኤክስ 2 (አዳዲስ ፕሮሰሰሮች ላይ ያለ የትእዛዝ ስብስብ) ላለው ፕሮሰሰር ነው። ከፈረንጆቹ 2013 በፊት የተሠራ ኢንቴል ያ የለውም፣ ፕሮግራሙም ገና ሲነሳ አልችልም ብሎ ይቆማል። «ማርች» የሚለውን አማራጭ «ኮምፓቲቢሊቲ» አድርገውና ቢልድ አድርግ፣ ይሠራል።

ቢልዱ ራም ይበላል፣ ብዙ ጊጋባይት። ደቂቃዎችም ይወስዳል፣ ሁሉንም ኮር ይይዛል። በድሬ የቀን ሙቀት ላፕቶፕህን አታሠቃየው አቦ፣ ማታ አድርገው። እየሞከርክ ሳለ ትልቅ ኦ እና ትንሽ ቢ የሆነችውን የፈጣን ቢልድ ማዘዣ ተጠቀም፣ ለደንበኛ ስትሰጥ ግን አንሳት።

ይህ ሁሉ ልፋት ያዋጣል ወይ ላልከው፣ ላንተ ያዋጣል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ፕሮግራሙ ወዲያው ይነሳል፣ ራምም ትንሽ ነው የሚይዘው። ቀኑን ሙሉ ሳይጠፋ ከባድ ስሌት ለሚሠራ ሰርቨር ግን ተራው ጃቫ እየሞቀ ሲሄድ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። እዚያ ኔቲቭ አልመክርም።

አሁን የዋጋ ዝርዝሩን ኮንትሮለር ሜተድና ሙሉውን የስህተት መልእክት ግሩፑ ላይ ለጥፈው። የዳታቤዙን ይለፍ ቃል አጥፋው እንጂ መልእክቱን አትቁረጠው። የመጀመሪያዋ «ኮዝድ ባይ» (ምክንያቱን የምትናገረው መስመር) ሳይሆን የመጨረሻዋ ናት የምትፈለገው።