ሽታው ዕጣን ዕጣን ቢልስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ዴንቨር ነው፤ ሥራዬ ታክሲ መንዳት ነው። አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬ «ሱፐር ሌመን ሄዝ» የሚባል የካናቢስ (የጋንጃ) ዓይነት ያጨሳል። መጀመሪያ ሎሚ ሎሚ ይላል፤ ቆይቶ ደግሞ ዕጣን ዕጣን ይሸታል። እኔም አንዳንዴ እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ አብሬው አጭሻለሁ። «እዚህ በሕግ ተፈቅዷል፣ እግዚአብሔር የፈጠረው ቅጠል ነው፣ ራስታዎችም ሲጸልዩ ያጨሱታል» ይለኛል። ኃጢአት ነው? መቁረብስ እችላለሁ? ሽታው ልብሴን ይዞት ቤተ ክርስቲያን ብገባስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደፍረህ ስለጠየቅህ ደስ ብሎኛል። ብዙው ሰው ተደብቆ ያጨሳል እንጂ አይጠይቅም።

ከሽታው ልጀምር፤ ያዘናጋህ እሱ ይመስለኛል። ይህ ዓይነት አምስተርዳም ውስጥ የተዳቀለ ነው። ሎሚ ሎሚ የሚያሰኘው ሊሞኒን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። የሎሚ ልጣጭ ስትጨምቅ ጣትህ ላይ የሚቀረው ዘይት ውስጥ ያለው ያው ነው። ፓይኒን የሚባለው ደግሞ በጥድ ውስጥም በአንዳንድ ዕጣን ውስጥም ይገኛል። ቆንጠጥ የሚያደርገው ካርዮፊሊን ቁንዶ በርበሬም ውስጥ አለ። እንግዲህ አፍንጫህ አልዋሸህም። ግን አእምሮን የሚይዘው ከነዚህ አንዱም አይደለም። እሱ ቲኤችሲ ነው፤ ይሄኛው ደግሞ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ሽታው በራሱ ኃጢአት አይደለም። ዕጣን ዕጣን ማለቱ ግን አይቀድሰውም። ዘጸአት 30ን አንብብ። እግዚአብሔር ሙሴን የዕጣኑን ቅመም አንድ በአንድ ካዘዘው በኋላ፣ ያንኑ ለራሱ ማሽተቻ የሚሠራ ሰው ከሕዝቡ ተለይቶ ይጥፋ ይላል። ዕጣን ለእግዚአብሔር የሚቀርብ ነው። ሳሎን ተቀምጦ ራስን ለማስደሰት የሚጨስ ነገር ሌላ ነው።

«እግዚአብሔር የፈጠረው ነው» ላለው፣ አዎ፣ ፈጥሮታል። ኮሶንም ፈጥሯል፤ ቁርስ ላይ ግን አንጠጣውም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረ ይናገራል፤ ሐኪምንም አክብር ይላል። ከዚሁ ተክል ከሚወጣው ሲቢዲ የተሠራ መድኃኒት ለከባድ የሚጥል በሽታ በ2018 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። ሐኪም አዝዞልህ የምትወስደው ከሆነ ጥያቄህ ሌላ ጥያቄ ነው። ጓደኛህ ግን ሐኪም አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው። ሰው ይህን የሚያጨሰው ለሎሚው ብሎ አይደለም፤ ሎሚማ ገበያው ሞልቷል። የሚያጨሰው ለምርቃናው ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ የሚያዘው ካናቢስ የቲኤችሲ መጠን በአማካይ 4 በመቶ ገደማ ነበር። ዛሬ ሱቅ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ 20 በመቶ ይደርሳል። በደቂቃዎች ውስጥ ልብ ይመታል፣ አፍ ይደርቃል፣ ዐይን ይቀላል። ሰዓቱ ይንቀራፈፋል፤ የጀመርከውን ወሬ መሐል ላይ ትረሳዋለህ። አንዱ ሲስቅ አንዱ በፍርሃት ይርዳል። ሻጮቹ ይህን ዓይነት «የሚያነቃቃ» ይሉታል። አንተ ደግሞ ለእንቅልፍ ትወስደዋለህ! ለምደኸው ስትተወው እንቅልፍ ጭራሽ እንቢ የሚልህ ጊዜ አለ፤ ያኔ ለእንቅልፍ ሳይሆን ላለመረበሽ ታጨሳለህ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ10 ተጠቃሚ 3ቱ ገደማ ማጨሱን መቆጣጠር ለሚያቅት ችግር እንደሚዳረጉ ይገልጻል።

ቅዱስ ጳውሎስ «ሁሉ ተፈቅዶልኛል፥ በእኔ ላይ ግን አንድ ነገር እንኳ አይሠለጥንም» ያለው ለዚህ ነው። ጌታችንም በመስቀል ላይ ሊሰቅሉት ሲሉ ከርቤ የተቀላቀለበት ወይን ሰጡት፤ አልተቀበለም። ያን ሁሉ ሕመም በንቁ አእምሮ ተቀበለው። እኔ ይህን ቦታ ባነበብኩ ቁጥር እደነግጣለሁ። ስለዚህ መልሴ ግልጽ ነው፦ ለስካር ብሎ ማጨስ ኃጢአት ነው። ጫት የሚቅመውም ይህን አንብቦ «እኔንስ አልነካኝም» እንዳይል።

ስለ ራስታዎቹ አጭር ልበል። ጃንሆይን መውደዳቸው ያስከብራቸዋል እንጂ የእኛን ቀኖና አይለውጥም። ቤተ ክርስቲያናችን በ1970 እ.ኤ.አ. ጃማይካ ላይ ስትተከል ከእነርሱ ብዙዎችን አጥምቃለች። ጋንጃውን ግን ወደ ሥርዓቷ አላስገባችም።

ሕጉንም በደንብ እየው። ኮሎራዶ ዕድሜው 21 ለሞላ ፈቅዳለች፤ ሱቆቹም ከጥር 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክፍት ናቸው። የፌዴራሉ ሕግ ግን አልፈቀደም። ዜግነት ያልያዝክ ከሆንክ ደግሞ ጥንቃቄው ይብሳል፤ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ክፍለ ግዛቱ ቢፈቅድም ካናቢስ መጠቀም የዜግነት ማመልከቻህን ሊያስጥልብህ ይችላል። ታክሲህንም አስብ። አጭሰህ መሪ ከያዝክ የምታስጨንቀው ራስህን ብቻ አይደለም፤ ከኋላ የተቀመጠው የሰው ልጅ ነው።

ቁርባኑን በሚመለከት እኔ ከሩቅ ሆኜ ቁረብ አትቁረብ አልልህም። ንስሐ አባትህ ጋ ሂድ። ምን ያህል፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ለምን እንደሆነ ሳትደብቅ ንገራቸው። እንቅልፉን ደግሞ ለሐኪም አሳይ፤ የሌሊት ፈረቃ ያመጣው ሊሆን ይችላል። የጓደኛህ ጭስ ልብስህ ላይ ስለቀረ አትረክስም፣ ቅዳሴም አትቅር። ነጠላህን ብቻ ከሳሎን አርቀህ ስቀለው።