ልጆቹን ይዛችሁ ወሎ ገጠር ልትገቡ ነው? መጀመሪያ ስሙኝ

ባለፈው ወር አንድ የአገሬ ልጅ ደወለልኝ። ሲያትል ነው የሚኖረው። ትልቁ ልጁ አምስት ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ገና ዳዴ ትላለች። «አያ፣ ቤታችንን ሸጠን ተሁለደሬ አባቴ ቀዬ ልንገባ ነው። ምን ትለኛለህ?» አለኝ። እንድመርቀው ነበር የፈለገው። እኔ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ስጨቀጭቀው አመሸሁ።

ዴንቨር ከገባሁ 26 ዓመቴ ነው። አገር ቤት ገብተው የለመዱትንም፣ በስድስት ወር ሻንጣቸውን ይዘው የተመለሱትንም አይቻለሁ። ለእሱ ያልኩትን ለእናንተም ልበላችሁ።

1. ወረቀት

የውጭ ዜግነት የወሰዳችሁ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የምንለውን፣ አውጡ። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ያለ መኖሪያ ፈቃድ ትኖራላችሁ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ትሠራላችሁ። የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀትና የክትባት ካርድ ከመነሳታችሁ በፊት አዘጋጁ። ይኼው ነው።

2. መሬትና ቤት

«ገጠር መሬት ገዛሁ» የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ ራሴን ያመኛል። መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ በግልጽ ተቀምጧል። የአጎትህ ልጅ «አስፋልት ዳር ቆንጆ ቦታ ተገኘ» ብሎ ብር ካስላከህ፣ እጅህ የገባው አንድ ቁራጭ ወረቀት ነው። ነገ ክርክር ቢነሳ አያድንህም። የአባታችን ይዞታ በውርስ ወይም በስጦታ ይደርሰናል የምትሉም ለዚያ ቅድመ ሁኔታ አለው። ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት በአካል ሄዳችሁ ጠይቁ። በወንድም በኩል ማስጠየቅ ይቅርባችሁ።

ቤት ደግሞ አትሥሩ። ቢያንስ መጀመሪያ አትሥሩ። እኔ በ2004 ሠርቻለሁ። አምስት ክፍል፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ የብረት በር። እናቴ አንድ ሌሊት አደረችበትና በማግስቱ «ወለሉ ይቀዘቅዘኛል፣ የላሞቹም ትንፋሽ አይሰማኝም» ብላ አሮጌው ቤቷ ገባች። ቤቱ እስከ ዛሬ ዝግ ነው። አንዱ ክፍል ውስጥ ማሽላ ተከምሯል። ያ ገንዘብ አራታችንን ለአሥር ክረምት ያመላልሰን ነበር። ቁጭ ብዬ አስልቼዋለሁ። ለምን እንደሚቆጨኝ ወደ ታች ታዩታላችሁ።

3. ሰላምና ሐኪም

ወሎ ብዙ አይቷል። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ሆስፒታሉ ተዘረፈ፣ ፋብሪካው ተዘረፈ። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ነው። መንገድ ይዘጋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከረመ። ስለዚህ «ወሎ ሰላም ነው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። የምትገቡበትን ቀበሌ ብቻ ጠይቁ። ትምህርት ቤቱ ዘንድሮ ተከፍቷል? አስተማሪው አለ? መጨረሻ ሌሊት የታመመው ሰው ደሴ የደረሰው በምን ነበር? ከተሁለደሬዋ ሐይቅ ከተማ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ቀን ምንም አይደለም። ሌሊት መንገዱ ከተዘጋ ግን ትኩሳት የያዛት ሕፃን ታቅፎ ለተቀመጠ አባት በጣም ሩቅ ነው። ቆላ ከሆነ፣ በባቲ፣ በከሚሴ፣ በቆቦ በኩል፣ ወባ አለ። ውጭ የተወለደ ልጅ ወባን አያውቃትም።

ይህን ሁሉ ዘመድ አትጠይቁ። ዘመድ እንድትመጡለት ስለሚፈልግ «አብሽሩ፣ ሰላም ነው» ነው የሚላችሁ። ጤና ኬላ የምትሠራዋን ልጅ ጠይቁ፣ መምህሩን ጠይቁ። መልሱ ካላማራችሁ ዘንድሮ ይቅር። ደሴ ወይም ሐይቅ ከተማ ተከራይቶ ቅዳሜና እሁድ ገጠር መውጣትም አለ።

ለመወሰን ብላችሁ ደግሞ ጥር ላይ አትሂዱ። ጥር አዝመራው ገብቷል፣ ሰርግ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ሁሉም ሰው ይስቃል። ነሐሴን ሂዱና እዩ። ጭቃው ጫማ ሲውጥ፣ ቁንጫው ሌሊቱን ሲያሳክክ፣ እንጨቱ እርጥብ ሆኖ ቤቱ በጭስ ሲታፈን። ባልም ሚስትም ነሐሴን ችለው ከወጡ፣ ያን ጊዜ ስለ መኖር እናወራለን።

4. ልጆቹ

አሁን የመጣሁበት ነገር ላይ ደረስኩ።

ልጁ ከሰባት ከስምንት ዓመት በታች ከሆነ ገጠሩ ራሱ አፉን ይፈታለታል። አንዲት ጎረቤታችን የአምስት ዓመት ልጇን ይዛ ኩታበር እናቷ ጋ አንድ ክረምት ተቀመጠች። ልጁ ሲሄድ የሚያውቀው «ውሃ» እና «እንጀራ» ነበር። ሰፈር ውስጥ ድብብቆሽ ሲጫወቱ ተራው ደረሰውና ዛፉ ላይ ፊቱን ደፍቶ በእንግሊዝኛ መቁጠር ጀመረ። ልጆቹ ሳቁ። ከዚያ ጥለውት ሌላ ጨዋታ ጀመሩ። በሦስተኛው ቀን ከአንድ እስከ ሃያ በአማርኛ ቆጠረ። ማንም አላስተማረውም። እንዳይተዉት ብሎ ነው የተማረው። መስከረም ላይ ሲመለስ አባቱ አየር ማረፊያ እያለቀሰ አቀፈው። ልጁ ጀርባውን መታ መታ አደረገውና «አብሽር አባቢ» አለው።

አሥራ አንድ አሥራ ሁለት ላይ ግን ሌላ ነው። ልጅ ያፍራል። ተሳስቼ ይሳቅብኛል ብሎ አፉን ይዘጋል። አሥራ አራት ላይ በግድ ካመጣችሁት ደግሞ ይጠላችኋል፣ ቀዬውንም ይጠላዋል። ልጆቻችሁ ትንንሽ ከሆኑ ለዚህ ያላችሁ ጊዜ አጭር ነው። «ትንሽ ገንዘብ እንያዝና» እያላችሁ ያልፋችኋል። እኔን አልፎኛል።

እኔና ባለቤቴ ልጆቻችንን በእንግሊዝኛ አሳደግን። ትምህርት ቤት እንዳይቸገሩ አልን። ሁለት ሥራ ነበረኝ፣ ማታ ደክሞኝ ስገባ እነሱ በሚመልሱልኝ ቋንቋ አወራቸዋለሁ። የፊደል ገበታ ገዝቼ ሳሎን ሰቅያለሁ። 33ቱ ፊደል ከነሰባት ቤቱ፣ 231፣ ከሀ እስከ ፐ፣ አሥር ዓመት ግድግዳው ላይ ዋለ። ልጆቼ እንደ ሥዕል ነበር የሚያዩት። አንድ ቀን እንኳ በጣቴ እየጠቆምኩ አላስቆጠርኳቸውም።

በ2009 ለሦስት ሳምንት ወሰድኳቸው። ትልቋ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ልንመለስ ያልን ጠዋት እናቴ ቡና አፈላች። አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው ተጠጣ። በረካው ላይ ስኒዋን አስቀመጠችና የልጄን ሁለት እጆች ይዛ መመረቅ ጀመረች። የወሎን ምርቃት ታውቁታላችሁ፣ አያልቅም። «የረገጥሽው ይለምልም። የጨበጥሽው ይባረክ። እሾህ አይውጋሽ፣ እንቅፋት አይምታሽ። የሰው አገር ሰው እናት አባት ይሁንሽ።» ጎረቤቱ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ እጁን ዘርግቶ «አሚን! አሚን!» ይላል። እናቴ እንባዋ ይወርዳል። ልጄ ወደ እኔ ዞር አለችና በእንግሊዝኛ «ምን እያለች ነው?» አለችኝ። ጉሮሮዬ ተዘግቶ ነበር። «መልካም መንገድ እያለችሽ ነው» አልኳት። ልጄ ራሷን ነቀነቀችና ለአያቷ ፈገግ አለችላት።

ያን ሁሉ ዱዓ በሁለት ቃል ዘጋሁት። እናቴ በ2012 አረፈች። ጊዜው ኮሮና ነበርና ለቀብሯ አልደረስኩም። ልጄ ያን ጠዋት በስልኳ ቀርጻ ኖሮ ዓምና አስደመጠችኝ። አራት ደቂቃ ነው። ዛሬ ሃያ ሊሞላት ነው፣ ቃል በቃል ንገረኝ ትላለች። እሁድ እሁድ አብረን እንቀመጣለን። አንዳንዱን ቃል ወደ እንግሊዝኛ ማምጣት አቅቶኝ ድምፁን አቆመዋለሁ።

ስለዚህ ስቆጣ አትቀየሙኝ። ወር በወር ብር የምትልክ ወንድሜ፣ እናትህ ብሩን ተቀብላ ትመርቅሃለች፣ የናፈቃት ግን የልጅ ልጇ ነው። ልጁን ስልክ ፊት ለሰላሳ ሰከንድ አቁሞ «ሃይ አያቴ በል» ማሰኘት ዝምድና አይሆንም። ልጁም ያውቀዋል። አይታችሁት ከሆነ፣ ዓይኑ ስልኩን ትቶ ሌላ ቦታ ነው።

ቤታችሁ ውስጥ ከዛሬ ማታ ጀምሮ አማርኛ አውሩ። በእንግሊዝኛ ቢመልስላችሁም እናንተ በአማርኛ ቀጥሉ። እንግሊዝኛው የትም አይሄድበትም፣ ትምህርት ቤቱና መንገዱ ያስተምረዋል። አማርኛውን ከእናንተ ሌላ የሚሰጠው የለም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ክረምቱን ሙሉ አያት ቤት ውሰዱት። ሆቴል አትያዙ። አያትና ልጅ ሲቀመጡ መሃል ገብታችሁ አታስተርጉሙ። ውጡላቸው፣ ገበያ ሂዱ። መጀመሪያ በምልክት ይግባባሉ፣ ከዚያ በቃል። ለመኖር ከገባችሁም ልጁን ግቢ ውስጥ ከታብሌት ጋር አትቆልፉበት። ከእረኞቹ ጋር ይውጣ፣ ጉልበቱ ይላጥ፣ ይጣላ፣ ይታረቅ። አንዲት እናት ልጇ እንዳይቆሽሽ ብላ አንድ ዓመት ሙሉ ግቢ ውስጥ አስቀምጣው፣ ሲመለሱ ይዞት በሄደው አማርኛ ላይ ምንም አልጨመረም። አዝኜባታለሁ፣ ነግሬያታለሁም።

5. ቅሬ

በገባችሁበት ሳምንት ቅሬ፣ የወሎን ዕድር ማለቴ ነው፣ ተመዝገቡ። ለቅሶ ድረሱ። ብር የሰጠ ሰው ይመሰገናል፣ መቃብር ሲቆፈር የተገኘ ሰው ግን የቀዬው ሰው ነው። ሁለት ዓመት ከማንም ሳትጠብቁ የምትኖሩበት ገንዘብም በእጃችሁ ይኑር። እዚያ የምትተክሉት አቮካዶ ቶሎ አያፈራም።

የሲያትሉን ልጅ «ቤትህን አትሽጥ፣ አከራየው» አልኩት። መጀመሪያ ቅር አለው። ከሚስቱ ጋር ተማከሩ፣ የቀበሌውን መምህር ደውለው ጠየቁ። መንገዱ ክፍት ከሆነ ሰኔ መጨረሻ ላይ ይሄዳሉ፣ ነሐሴን እዚያው ይጨርሳሉ፣ ከዚያ ይወስናሉ። ትናንት ማታ ደውሎ ለልጁ ምን ይዤ ልሂድ አለኝ። ቦቲ ጫማ ያዝ አልኩት፣ አጎበር ያዝ አልኩት። እስከ ሃያ መቁጠርም አሁኑኑ አስጀምረው፣ ለድብብቆሹ።